ኳስ መቅለብ ብቻውን አይበቃም፦ ዋይድ ሪሲቨር መሆን የሚፈልግ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአሜሪካን ፉትቦል ዋይድ ሪሲቨር ማለት ኳርተርባኩ፣ ማለትም የቡድኑ ዋና ወርዋሪ፣ የወረወረውን ኳስ ሮጦ የሚቀልብ ተጫዋች ነው። ሲያዩት ቀላል ይመስላል። የአሜሪካ ፕሮፌሽናል ሊግ የሆነው ኤንኤፍኤል ገብቶ እዚያ መቆየት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ብዙ ጎበዝ ልጅ መንገድ ላይ የሚቀረው ቀድሞ ሊታረም በሚችል ስህተት ነው።

ትልቁ ስህተት ፍጥነትን ማምለክ ነው። ጆን ሮስ እ.ኤ.አ. በ2017 በተደረገው የምልመላ ፈተና 40 ያርድ (36 ሜትር ተኩል ገደማ) በ4.22 ሰከንድ ሮጦ የወቅቱን ክብረ ወሰን ሰበረ። ሲንሲናቲ ቤንግልስ የተባለው ቡድን በድራፍቱ፣ ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት ሥርዓት፣ በ9ኛ ደረጃ መረጠው። ጉዳትም አላላውስ ስላለው በመጀመሪያው ዓመት አንድም ኳስ ሳይቀልብ ቀረ። በዚያው ድራፍት 69ኛ የተመረጠው ኩፐር ከፕ ያንኑ ርቀት የሮጠው በ4.62 ነበር። እሱ በ2021፣ 145 ኳስ ቀልቦ፣ 1,947 ያርድ ሸፍኖና 16 ተችዳውን (ኳሱን የግቡን መስመር አሳልፎ የሚገኝ ነጥብ) አስቆጥሮ በሦስቱም ከሊጉ አንደኛ ወጣ። የዚያን የውድድር ዘመን የሱፐር ቦውል፣ የሊጉ የፍጻሜ ጨዋታ፣ ኮከብም እሱ ነው።

ከፕን የለየው ሩት፣ ማለትም አስቀድሞ የተወሰነው የሩጫ መስመር ላይ ያለው ጥንቃቄ ነው። 12 ያርድ ሮጠህ ዙር ከተባልክ 10 ላይ መዞር አይሆንም፤ 13 መድረስም እንዲሁ። ኳርተርባኩ ኳሱን የሚለቀው ገና ፊትህን ሳታዞር ነው። ከፊትህ ያለው ተከላካይ ደግሞ ዓይኑ ወገብህ ላይ ነው። ለመቆም ስታስብ ቀና ካልክ ወይም እርምጃህን ካሳጠርክ ነቃብህ ማለት ነው። ልምምድህን እዚህ ላይ አብዛው።

ኳሱን በደረት ማቀፍም መጥፎ ልማድ ነው። ነጥሮ ይወጣል። ከደረት በላይ ለሚመጣ ኳስ አውራ ጣቶችህን አገናኝ፤ ከወገብ በታች ከሆነ ትንንሾቹን። እብብትህ ሥር እስኪገባ ዓይንህን አትንቀል።

ስፔሻል ቲምን፣ ማለትም ኳስ በእግር ሲመታ የሚገባውን ልዩ ስብስብ፣ መናቅ ደግሞ ብዙዎችን ከሥራ ያስወጣል። አንድ ቡድን የሚይዘው 53 ተጫዋች ብቻ ነው። አምስተኛው ሪሲቨር ሌላ ሥራ ካልቻለ ቦታ የለውም። አዳም ቲለን በድራፍት ማንም አልመረጠውም። በ2013 በሙከራ ሚኒሶታ ቫይኪንግስ ገባ፣ በስፔሻል ቲም ራሱን አሳየ፣ በ2017 እና በ2018 የሊጉ ኮከቦች ለሚመረጡበት ለፕሮ ቦውል ተመረጠ። ይሄን ልጅ ሳስብ ልቤ ይሞላል።

አሜሪካ ያላችሁ ወላጆች ደግሞ ይቺን ልብ በሉ። ልጁ ኳሱን ስለቻለ ትምህርቱ ይደርሳል ማለት ከባድ ስህተት ነው። በኮሌጅ ከፍተኛው ዲቪዚዮን ለመጫወት 16 ዋና ዋና የሃይስኩል ኮርሶች በትንሹ በ2.3 አማካይ ነጥብ (ጂፒኤ) መጨረስ አለበት። ሂሳቡ የሚጀምረው ከ9ኛ ክፍል ነው፤ 12ኛ ክፍል ላይ ልሩጥ ቢል አይደርስም። በሌላ በኩል ታዋቂ ኮሌጅ ካልገባ አበቃለት ብላችሁ አትጨነቁ። 22,895 ያርድ ሸፍኖ እስካሁን ያልተደረሰበት ጄሪ ራይስ የመጣው ከትንሹ ሚሲሲፒ ቫሊ ስቴት ነው።

ሳይጨርሱ መጨፈርም አለ። ዲሾን ጃክሰን በ2008 ከዳላስ ጋር ሲጫወቱ የግቡን መስመር ሳያልፍ ኳሱን ለቀቀው፤ የራሱ ተችዳውን አመለጠው።

ከሜዳ ውጭ ያለው ጣጣም ቀላል አይደለም። ካልቪን ሪድሊ በኤንኤፍኤል ጨዋታዎች ላይ በመወራረዱ የ2022ን የውድድር ዘመን ሙሉ ታገደ። በስልክ የሚደረግ ውርርድ ዛሬ እጅ ላይ ስለሆነ ገና በጠዋቱ መራቅ ይሻላል። ውል ላይም የተጻፈው ገንዘብ ሁሉ የእጅ ገንዘብ አይደለም፤ ዋስትና የሌለው ክፍል ቡድኑ ሲያሰናብትህ አብሮ ይቀራል። ቤትና መኪና ከመግዛትህ በፊት ዋስትና ያለው ስንት እንደሆነ ኤጀንትህን ጠይቅ። ኤጀንቱ ራሱ ከውሉ ሊወስድ የሚችለው ቢበዛ 3 በመቶ ነው፤ ከዚያ በላይ ከጠየቀህ አትፈርም።