አንድ ቃል ደጋግሞ አእምሮን ማሳረፍ
ማንትራ ከሳንስክሪት የመጣ ስያሜ ሲሆን፣ ሐሳብን ለመሰብሰብ የሚደጋገም ቃል ወይም ሐረግ ነው፤ በመቁጠሪያ መጸለይ የለመደ ሰው አይከብደውም። እኔ «ሰላም» የሚለውን እመርጣለሁ፤ መጨረሻው ላይ «ም» ከንፈርን ገጥሞ ትንፋሽን በቀስታ ያሳርፋልና። ጠዋት ከቤት ከመውጣትዎ በፊት ጀርባዎን ቀና አድርገው ይቀመጡ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ፣ ትንፋሽ ባስወጡ ቁጥር ቃሉን በልብዎ ይበሉ። አሜሪካዊው ሐኪም ኸርበርት ቤንሰን ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይመክሩ ነበር፤ ለጀማሪ ግን 5 ደቂቃም መልካም ነው። የቤት ኪራይና ያልተመለሰ ስልክ ትዝ ማለታቸው አይቀርም፤ ራስን ሳይወቅሱ ወደ ቃሉ መመለስ ነው ዋናው ልምምድ። አራት ኪሎ የታክሲ ሰልፍ ላይ ደግሞ፣ ረዳቱ «ፒያሳ፣ ፒያሳ!» እያለ ሲጣራ እንኳ፣ ዓይንዎን ሳይጨፍኑ፣ እግርዎ መሬት መርገጡን እያስተዋሉ 10 ጊዜ ይድገሙት።