የሰርጉ ዲቪዲ ሳይበላሽ፦ የቤት ቪዲዮ ዲስኮችን ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ

ለገጣፎ፣ ሰበታ፣ ቡራዩም ሆነ ኮዬ ፈጬ፣ በብዙ ቤት የሰርጉና የክርስትናው ዲቪዲ የሚቀመጠው ቡፌ ላይ፣ መስኮት ፊት ለፊት ነው። ለዲስክ ከዚህ የከፋ ቦታ የለም። ቪዲዮ ቤት የሚሰጠው ዲስክ በራይተር የተጻፈ ስለሆነ ምስሉ ያለው በስስ የቀለም ንጣፍ ላይ ነው፤ ፀሐይና የቆርቆሮ ጣሪያ ሙቀት ቀለሙን ያደበዝዙታል። ከኮረኮንቹ የሚነሣው አቧራ ደግሞ ይጭረዋል። ስለዚህ ዲስኩ ገና ሳይቆራረጥ እየታየ ሳለ ገልብጡት።

የሚያስፈልገው ዲቪዲ ማንበቢያ ያለው ኮምፒውተር ነው። ላፕቶፑ ማንበቢያ ከሌለው በዩኤስቢ የሚሰካውን ተጠቀሙ። ይህ ማንበቢያ ኃይል ይፈልጋል፤ ገመዱ ሁለት ራስ ካለው ሁለቱንም ሰኩ፣ በዩኤስቢ ማከፋፈያ ግን አትሰኩት። ዲስኩ እየተሽከረከረ ድንገት ከጠፋ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የዲስኩ ሳይሆን የኃይል ማነስ ነው።

መጀመሪያ ዲስኩን አጽዱ። ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ለብ ባለ ውሃና በአንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ነክራችሁ ከመሐል ወደ ዳር ቀጥ አድርጋችሁ ጥረጉ። ዙሪያውን አታሹት፤ ክቡን ተከትሎ የሚሄድ ጭረት ማንበቢያውን ከሁሉም በላይ ያሳስተዋል። ቤንዚንና አሴቶን ፕላስቲኩን ያበላሹታል።

ቀጥሎ ያለው ዋናው ሥራ ነው። ዲስኩን ምንም ሳይቀነስለት አንድ የአይኤስኦ ፋይል፣ ማለትም የዲስኩ ሙሉ ግልባጭ የሆነ ፋይል አድርጉት፤ ወደ ኤምፒ4 መቀየሩ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። በቀጥታ ከዲስኩ ላይ ወደ ኤምፒ4 መቀየር የደከመውን ዲስክ ለረጅም ጊዜ ያሽከረክረዋል፤ ቅንብሩ ከተሳሳተም እንደገና ከዲስኩ መጀመር ነው። በዊንዶውስ ላይ ኢምግበርን የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ይበቃል። ስትጭኑት ሌሎች ፕሮግራሞች አብሮ ሊያቀርብ ስለሚችል ምልክታቸውን አንሡ። ከዚያ «ክሪኤት ኢሜጅ ፋይል ፍሮም ዲስክ» የሚለውን መርጣችሁ የሚቀመጥበትን ቦታ አሳዩት። ተራው ዲቪዲ 4.7 ጊጋባይት ይባላል፤ ዊንዶውስ ግን 4.37 አድርጎ ያሳየዋል፣ ይህ ጉድለት አይደለም። በ8 እጥፍ ፍጥነት ሙሉ ዲስክ 10 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። የተጫረ ከሆነ ፍጥነቱን ወደ 4 አውርዱት።

የዲቪዲ ጽሑፍ የሚጀምረው ከመሐል ነው፤ በእጅ ተይዞ ቶሎ የሚጎዳው ግን ዳሩ ነው። ለዚህ ነው የሰርጉ መጀመሪያ ጥሩ ሆኖ ኬኩ ሲቆረስ ምስሉ የሚቆራረጠው። ግልባጩን ቪኤልሲ በተባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ስትፈትሹም የመጨረሻዎቹን 10 ደቂቃዎች እዩ እንጂ መጀመሪያውን ብቻ አይታችሁ አትለፉ።

ኢምግበርን በስሕተት መልእክት ከቆመ ከተጎዳ ዲስክ መረጃ የሚያወጣውን ዲዲሬስኪው የተባለ ፕሮግራም በሊኑክስ (በዊንዶውስ ፈንታ በሚሠራ ሌላ ሥርዓት) ሞክሩ። መጀመሪያ የሚነበበውን ሁሉ ያነሣል፣ መጥፎውን ይዘላል፣ ከዚያ ወደ ዘለለው ተመልሶ ይታገላል። የብሎኩን መጠን 2048፣ ድግግሞሹን 3 አድርጉ። የደረሰበትን በካርታ ፋይል ስለሚመዘግብ መብራት ቢጠፋ ካቆመበት ይቀጥላል። ከዚህም የሚበልጥ ጥቅም አለው፦ ያንኑ ዲስክ የጎረቤት ማንበቢያ ውስጥ ከትታችሁ በዚያው ካርታ ብታስቀጥሉት፣ አንዱ ያቃተውን ሌላው ብዙ ጊዜ ያነበዋል።

ቪሲዲ ከሆነ ነገሩ ይለያል። «ኤምፔግኤቪ» በሚባለው ፎልደር ያለውን የዳት ፋይል ወደ ኮምፒውተሩ ቅዱት፤ ቪኤልሲ ይከፍተዋል። ቪሲዲ የስሕተት ማረሚያው ከመረጃ ሲዲ ያነሰ ስለሆነ ትንሽ ጭረት እንኳ ይጎዳዋል። ጽሑፍ ያለበት ፊቱም ይጠበቅ፤ የሲዲ አንጸባራቂ ንጣፍ ያለው ከዚያ ሥር ነው።

አሁን ለቴሌቪዥንና ለስልክ የሚሆነውን ሥሩ። አይኤስኦውን ሃንድብሬክ በተባለው የቪዲዮ መቀየሪያ ሶፍትዌር ክፈቱና ረጅሙን ክፍል ምረጡ። ቅንብሩ «ፋስት 576ፒ25»፣ ጥራቱ ከ18 እስከ 20 ይሁን። «ዲኢንተርሌስ» የሚለውን ማጣሪያ አትርሱ፤ ካልበራ እስክስታ ሲወርድ የጨፋሪው ትከሻ ላይ የማበጠሪያ ጥርስ የመሰለ መስመር ይወጣል። መጠኑን ወደ 1080 ማሳደግ ፋይሉን ያከብደዋል እንጂ ምስሉን አያጠራውም፤ በዲስኩ ላይ ያለው 720 በ576 ነው።

32 ጊጋባይት ፍላሽ ባዶ ሆኖ ሳለ «ፋይሉ ትልቅ ነው» ካለ፣ ፍላሹ በፋት32 ፎርማት ስለሆነ ነው፤ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ኤክስፋት ብታደርጉት ይፈታል፤ ፎርማት ግን ያለውን ሁሉ ስለሚያጠፋ አስቀድማችሁ አውጡት። አሮጌ ቴሌቪዥን ኤክስፋትን ላያነብ ስለሚችል ኤምፒ4ውን በፋት32 ፍላሽ፣ አይኤስኦውን በሃርድ ዲስክ መያዝ ይሻላል። የፋይል ስሙን በላቲን ፊደል ጻፉ፤ አንዳንድ ቴሌቪዥን የአማርኛውን ሳጥን ብቻ አድርጎ ያሳያል። ዓመቱም የኢትዮጵያ ይሁን የፈረንጅ ለይታችሁ ጻፉ፤ የኮምፒውተሩ ቀን የተገለበጠበትን እንጂ የሰርጉን አይነግርም።

አዲስ ዲስክም ከፈለጋችሁ አይኤስኦውን በ4 ወይም በ8 ፍጥነት ባዶ ዲቪዲ ላይ ጻፉት። ሲነበብ መብራት ቢሄድ ዲስኩ ምንም አይሆንም፤ ሲጻፍ ቢሄድ ግን አዲሱ ዲስክ ተበላሸ ማለት ነው። ስለዚህ ባትሪው በሞላ ላፕቶፕ ወይም በዩፒኤስ ብቻ ጻፉ። የወረቀት ስቲከር አትለጥፉበት፤ ሲሽከረከር ሚዛኑን ያሳጣዋል። ስሙን ጫፉ ለስላሳ በሆነ የሲዲ ማርከር መሐሉ ላይ ጻፉ፣ በማቀፊያው አቁማችሁ ጨለም ያለ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጡ። የሃርድ ዲስኩ ሁለተኛ ቅጂ ደግሞ በሌላ ዘመድ ቤት ይቀመጥ።