ሲረገጥ የሚሰረጉድ የጀልባ ወለል፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና ጥገናው

የአሮጌ ፋይበር ግላስ ጀልባ ወለል አንድ ወጥ ይመስላል እንጂ ብዙ ጊዜ ሦስት ድርብ ነው። ከላይና ከታች ስስ ፋይበር፣ መሐሉ ደግሞ ፕላይውድ፣ ባልሳ የሚባለው ቀላል እንጨት ወይም ፎም አለው። ጥንካሬው የሚመጣው ሦስቱ አንድ ላይ በመጣበቃቸው ነው። መሐሉ ሲበሰብስ የላይኛው ፋይበር ብቻውን ይቀራል፤ 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ፋይበር ደግሞ ሰው አይችልም። የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ ባይኖረውም ውሃው ጨዋማ አይደለም። እንጨት አበስባሹ ፈንገስ ጨው ስለማይመቸው እንዲህ ባለ ውሃና በዝናብ ከባሕሩ ይልቅ በደንብ ይራባል።

ምልክት፦ ወለሉ ይሰረጉዳል፣ ላዩ ግን ደህና ነው

ወይ ማጣበቂያው ለቋል፣ ወይ እንጨቱ በስብሷል። ሁለቱን ሳይለዩ መቁረጥ መጀመር ገንዘብ ማባከን ነው። በካቻቢቴ እጀታ በየ5 ሳንቲ ሜትሩ ያንኳኩ። ደህናው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተጎዳው የታፈነ ድምፅ ያሰማል። ዳሩን በማርከር ያክብቡ። ቀጥሎ 5 ሚሊ ሜትር የትራፓን መብሻ ላይ በሚፈለገው ጥልቀት ስኮች ጠቅልለው የታችኛውን ፋይበር ሳይነኩ ይብሱ። ብናኙ ነጣ ያለና ደረቅ ከሆነ የለቀቀው ማጣበቂያው ብቻ ነው፤ በቀዳዳዎቹ ቀጭን ኢፖክሲ (ሬዚን ከሚባሉት፣ ከማጠንከሪያ ጋር ሲቀላቀሉ ከሚደድሩ ፈሳሾች አንዱ) በመርፌ ማስገባት ይበቃዋል። ብናኙ ጠቁሮ፣ ረጥቦና ሸትቶ ከወጣ በስብሷል። ደረቅ ብናኝ እስኪያገኙ ድረስ ወደ ውጭ እየራቁ ይብሱ፤ የረጠበው ከሚሰረጉደው ሁልጊዜ ይሰፋል።

በረጠበ እንጨት ላይ ሬዚን በመርፌ መውጋት አይሠራም። ውሃው ቦታውን ስለያዘ ሬዚኑ አይገባም። ላሜራ በብሎን ደርቦ ማሰርም ከዚህ የባሰ ነው፤ እያንዳንዱ አዲስ ብሎን ለውሃ አዲስ በር ይከፍታል።

ምልክት፦ በወንበር እግር ወይም በገመድ ማሰሪያው ሥር ቡናማ ውሃ ይወጣል

የመንስኤው ምንጭ ይኼ ነው፣ ብስባሹ ውጤቱ ነው። የብሎን ቀዳዳ እንጨቱን ራቁቱን ያስቀረዋል፤ በዙሪያው ያለው ማሸጊያ በፀሐይ ሲደርቅና ሰው ሲደገፍበት ይሰነጠቃል፣ ውሃው በፕላይውዱ ጭረት እየተሳበ ይሄዳል። ወለሉን አድሰው ቀዳዳውን እንደነበረ ከተዉት ሥራው ተመልሶ ይመጣል።

ጥገናው

ወቅቱን ይምረጡ፤ በሐዋሳ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ደረቅ ጊዜ ይመረጣል። ግራይንደሩን በፋይበሩ ውፍረት ልክ ብቻ እያስገቡ የላይኛውን ፋይበር ይቁረጡ፤ ከጎን ግድግዳው 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ከንፈር ይተዉ፣ አዲሱ ሥራ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። የተነሣውን ክዳን አይጣሉት፣ ተመልሶ ይለጠፋል። የበሰበሰውን በመሮ ያውጡ፣ ከከንፈሩ ሥር ያለውንም ሳይረሱ። ከዚያ ጥላ ሥር ነፋስ እያገኘ ለቀናት ይድረቅ። ፕላስቲክ ወለሉ ላይ ዘርግተው ጠርዙን በስኮች ይለጥፉና ሌሊቱን ያሳድሩት፤ ጠዋት ከሥሩ ጤዛ ከታየ ገና ነው። ሲደርቅ በ40 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ፍቀው በአሴቶን ይጥረጉት።

አዲሱ ፕላይውድ የቀድሞው ውፍረት ያለው፣ ለምሳሌ 12 ሚሊ ሜትር፣ ሙጫው ውሃ የሚችል ይሁን። በየ15 ሳንቲ ሜትሩ 5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይብሱለት። ሁለቱንም ገጽና ጠርዙን ሬዚን ያጠጡት፣ ሥሩ ላይ በሲሊካ ዱቄት የወፈረ ሬዚን በጥርሳም ስፓቱላ ይዘርጉና ይጫኑት። በቀዳዳዎቹ ሬዚን ብቅ ካለ ሥሩ ሞልቷል ማለት ነው፤ ብቅ ያላለበት ቦታ አየር ይዟል፣ ነገ የሚያንኳኳ ነው። ፕላስቲክ አልብሰው ውሃ የሞላ ጀሪካን ያስቀምጡበት። የመኪና ስቱኮ በዚህ ቦታ አይሠራም፣ በውስጡ ያለው የታልክ ዱቄት ውሃ ይጠጣል።

ክዳኑም በዚሁ ዓይነት ሬዚን ይለጠፋል። የመቁረጫው መስመር በሁለቱም በኩል የፋይበሩን ውፍረት 12 እጥፍ ያህል ይዘንብል፤ ለ4 ሚሊ ሜትር ወደ 5 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ዘንበል ሳይደረግ የተለጠፈ ጠርዝ በመስመሩ ይሰነጠቃል። በዘንበሉ ላይ የሚነጠፈው ማት (ያልተሸመነ የፋይበር ምንጣፍ) በካሬ ሜትር 450 ግራም የሆነው አንዱ ድርብ ወደ 1 ሚሊ ሜትር ይሰጣል፤ ለ1 ኪሎ ማት ከ2 እስከ 2.5 ኪሎ ፖሊስተር ሬዚን ያስፈልጋል። ሥሩን በኢፖክሲ ከሠሩ ላዩም ኢፖክሲ ይሁን፤ ፖሊስተር በኢፖክሲ ላይ በደንብ አይይዝም። ተራ ማትም ከኢፖክሲ ጋር አይስማማም፣ የተሸመነ ፋይበር ይውሰዱ።

ሬዚኑ ካልጠነከረ ወይም ከጦዘ

ለ1 ኪሎ ፖሊስተር ከ10 እስከ 20 ግራም ሃርድነር (ማጠንከሪያ) ይበቃል፤ በሞቃት ቀትር ወደ 10፣ በቀዝቃዛ ጠዋት ወደ 20። በዓይን ግምት ማፍሰስ ለሁለቱም ችግር ዋናው ምክንያት ነው። ጥልቅ ቆርቆሮ ውስጥ በብዛት ማቀላቀል ሙቀቱን አፍኖ ያጦዘዋል፣ ያጨሳልም፤ ስለዚህ በትንሽ በትንሹ፣ በሰፊ ሳህን። ሃርድነርና ኮባልት የሚባለውን ማፍጠኛ ፈጽሞ ቀጥታ አይቀላቅሉ፣ ይፈነዳል። ሃርድነር ዓይን ያጠፋልና መነጽር ግዴታ ነው፤ አሴቶንም ከእሳትና ከሲጋራ ይራቅ።

ቀዳዳዎቹ

ለ8 ሚሊ ሜትር ብሎን መጀመሪያ 16 ሚሊ ሜትር ይብሱ፣ ሥሩን በስኮች ዘግተው በወፈረ ኢፖክሲ ይሙሉት። ሲጠነክር መሐሉን በ8 ይብሱ፤ ብሎኑ እንጨት ሳይነካ በኢፖክሲ ውስጥ ያልፋል። ከላይ የቀዳዳውን አፍ ትንሽ ያስፉት፣ ማሸጊያው እንደ ቀለበት እንዲተኛ። ከሥር ሰፊ ሮንዴላና ዳዶ። ማሸጊያው ሲካፍሌክስ ዓይነት ፖሊዩሬታን ይሁን፤ የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን በኋላ ቀለምም ሬዚንም እንዳይዝ የሚያደርግ ቅባት ትቶ ይሄዳል። ዳዶውን መጀመሪያ ለስለስ አድርገው ያስሩት፤ ማሸጊያው ከደረቀ በኋላ ብሎኑን ሳያዞሩ ዳዶውን ብቻ ያጥብቁ።