አሜሪካ ውስጥ ያታለለን ድርጅት ለፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እንዴት መጠቆም ይቻላል?

በ1914 የተቋቋመው የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን (ኤፍቲሲ) የአንድን ሰው ጉዳይ ይዞ ገንዘቡን አያስመልስም። የሚቀበለው ጥቆማ ነው። ጥቆማው ከሌሎች ጋር ተደማምሮ ለምርመራና ለክስ መነሻ ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ ከገንዘብዎ ይጀምሩ።

በክሬዲት ካርድ ከፍለው ከሆነ፣ ስህተቱ ያለበት የመጀመሪያ ቢል ከተላከልዎ በ60 ቀን ውስጥ የጽሑፍ ተቃውሞዎ ካርድ ሰጪው ዘንድ መድረስ አለበት። ስልክ መደወል ብቻውን ሕጋዊ መብትዎን አያስጠብቅም። ደብዳቤውን ክፍያ ወደሚላክበት አድራሻ መላክ የተለመደ ስህተት ነው፤ የቢል ጥያቄ የሚቀበለው አድራሻ ሌላ ነው። በስጦታ ካርድ ከከፈሉ ግን ካርዱንና ደረሰኙን ይዘው ወዲያውኑ ካርዱን ላወጣው ኩባንያ ይደውሉ።

ከዚያ ማስታወቂያውን፣ የዋጋ ገጹንና የተጻጻፉትን ስክሪንሾት ያንሱ። ገጹ ነገ ላይኖር ይችላል።

ጥቆማው በሪፖርትፍሮድ ዶት ኤፍቲሲ ዶት ጎቭ ድረ ገጽ (ReportFraud.ftc.gov) ወይም በስልክ በ877-382-4357 ይቀርባል፤ አስተርጓሚ ከፈለጉ ስልኩ ላይ 3ን ይጫኑ። ቀኑን፣ መጠኑንና የከፈሉበትን መንገድ መሙላት ቀላል ነው። ዋናው ሥራ ያለው የሆነውን በሚያስረዱበት ቦታ ላይ ነው። «አጭበረበሩኝ» ብሎ መጻፍ መርማሪን የትም አያደርስም። የተባለውንና የሆነውን ጎን ለጎን ያስቀምጡ፦ «ማስታወቂያው በማንኛውም ጊዜ መሰረዝ ይቻላል ይላል፤ 3 ጊዜ ጠየቅሁ፤ አሁንም በየወሩ 39 ዶላር ይቆርጣል።» ሕጉ የሚመለከተው ሻጩ የተናገረው ወይም የደበቀው ነገር ጤነኛ አስተሳሰብ ያለውን ገዢ ሊያሳስትና ውሳኔውን ሊለውጥ መቻሉን ነው። ሆን ብሎ ማድረጉን ማስረዳት አይጠበቅብዎትም። የካርድ ወይም የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ግን እዚያ አይጻፉ። ስምዎን መተው ይችላሉ፤ ሆኖም መርማሪ ቢፈልግዎ አያገኝዎትም።

ለግል ጉዳይዎ ከኤፍቲሲ ይልቅ የስቴትዎ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ ቢሮ ሊያሸማግል ስለሚችል እዚያም ያመልክቱ።

የኩባንያዎች ውህደት አሳስቦዎት ከሆነ ይህ ቅጽ ቦታው አይደለም፤ ጉዳዩ የኮሚሽኑ የውድድር ክፍልና የፍትሕ ሚኒስቴር ነው። በ1976ቱ ሕግ መሠረት ትልልቅ ውህደቶች ከመፈጸማቸው በፊት ለእነዚህ መሥሪያ ቤቶች ይገለጻሉ፤ አብዛኛውን ጊዜም 30 ቀን ይጠብቃሉ። ጊዜው አጭር ስለሆነ ማን ከማን ጋር እንደሚወዳደር የሚያውቅ ደንበኛ ወይም አቅራቢ ዜናው እንደተሰማ ቢጽፍ ይሻላል።

ከጠቆሙ በኋላ «ገንዘብዎን እናስመልሳለን፣ መጀመሪያ ክፍያ ይላኩ» የሚል ሰው ቢደውል ስልኩን ይዝጉ። ኤፍቲሲ ገንዘብ ለመመለስ ክፍያ አይጠይቅም።