እ.ኤ.አ. ከ1948 በፊት የታተመ የዴንማርክኛ መጽሐፍ ለምታነቡ ተማሪዎች

በቆየ ድርሰት ያገኛችሁትን ቃል ዘመናዊ መዝገበ ቃላት ውስጥ ስታጡት፣ ቃሉ ከአገልግሎት ወጥቷል ብላችሁ አትለፉት። ብዙ ጊዜ የተቀየረው አጻጻፉ ብቻ ነው።

ሁለት «ኤ» (aa) ተከታትለው ካያችሁ፣ ከላዩ ክብ ባለበት ነጠላ «ኤ» (å) ተክታችሁ ፈልጉ። ይህ ፊደል የሚገኘው በዴንማርክኛ ፊደል ተራ መጨረሻ ላይ ነው፤ መጀመሪያው ላይ ከፈለጋችሁት አታገኙትም። «ኩንደ» (kunde) እና «ስኩልደ» (skulde) የሚሉትን ረዳት ግሶች ደግሞ «ዲ»ዋን አውጥታችሁ ከፊቷ ያለውን ፊደል ድገሙት። የሚሠራበት ምክንያት እ.ኤ.አ. የ1948ቱ የዴንማርክኛ አጻጻፍ ማሻሻያ የለወጠው አጻጻፉን እንጂ ንባቡን ስላልሆነ ነው፤ «ዲ»ዋ ድሮም አትነበብም ነበር።

ትልቁ ጥቅም ግን ካፒታል ፊደሉ ነው። ከማሻሻያው በፊት ስም ሁሉ በካፒታል ይጀምር ስለነበር፣ ረጅም ዓረፍተ ነገር ሲያደናግራችሁ መጀመሪያ ስሞቹ ላይ አስምሩ፤ ግሱና ባለቤቱ ወዲያው ይለያሉ። «ኩንደ» በካፒታል ከሆነ «ደንበኛ»፣ በትንሹ ከሆነ «ቻለ» ማለት ነው። ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ላይ ግን ይህ አይሠራም። እንደ «ኩንደ» ረዳት ግስ በሆነው «ቪልደ» (vilde) ላይም ተጠንቀቁ፦ ከስም በፊት ከመጣ «የዱር» የሚል ቅጽል ሊሆን ይችላል።

አጻጻፉ ተስተካክሎም ትርጉሙ ካልገጠመ፣ ቃሉ በጊዜ ብዛት ትርጉም ቀይሮ ይሆናል። ያን ጊዜ እ.ኤ.አ. ከ1700 እስከ 1950 ያለውን ቋንቋ የያዘውን ባለ 28 ቅጽ ታሪካዊ መዝገበ ቃላት (Ordbog over det danske Sprog) ተመልከቱ፤ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል።