ሊዱ ሴራሚኩን አልይዝ ሲል፦ የአልትራሳውንድ ብየዳ ችግርና መፍትሄ

አሉሚና ሴራሚክን (ከአሉሚኒየም ኦክሳይድ የተሰራ ሴራሚክ) ከመዳብ ወይ ከአሉሚኒየም ጋር ለማያያዝ የግድ ቫኪዩም ፈርነስ (አየሩ የወጣለት ምድጃ) ውስጥ ከ800 ዲግሪ በላይ ማጋል አይጠበቅብንም፣ 250 ዲግሪ አካባቢ ይበቃል፣ ግን ተራ ሊድ (ቀልጦ የሚያያይዘው መበየጃ ብረት) አይሆንም፣ ቲታኒየም የተጨመረበት የቆርቆሮና ብር ሊድ እና ጫፉ በሰከንድ ከ20 ሺህ ጊዜ በላይ የሚንቀጠቀጥ አልትራሳውንድ አይረን (ሊድ ማቅለጫ መበየጃ) ያስፈልጋል።

ሊዱ ድብልብል ብሎ ከተንከባለለ

መጀመሪያ ሙቀቱን እዩ። አይረኑ ቢግልም ሴራሚኩ ራሱ ቀዝቃዛ ከሆነ ሊዱ ገና ሲነካው ይረጋል። ሴራሚኩን ሆት ፕሌት ላይ አድርጉትና ሊዱን ያለ አይረን አስነኩት፣ እዛው ከቀለጠ ሙቀቱ ደርሷል ማለት ነው፣ ካልቀለጠ አትጀምሩ።

ሞቆም እምቢ ካለ ንዝረቱ አልደረሰም። ንዝረቱ የቀለጠው ሊድ ውስጥ ጥቃቅን አረፋ ፈጥሮ ያፈነዳል፣ ኦክሳይዱን (ላዩ ላይ የሚፈጠረውን ቆዳ) የሚሰብረውና ሊዱን ከሴራሚኩ ጋር የሚያገናኘው እሱ ነው፣ ስለዚህ ጫፉ ሊዱ ውስጥ ገብቶ ሴራሚኩን ሊነካ ትንሽ እስኪቀረው ድረስ ወርዶ ቀስ እያለ መሄድ አለበት፣ ከላይ ከላይ መነካካት ዋጋ የለውም።

ተጣብቆ በኋላ ልጥጥ ብሎ ከወጣ

የተላቀቀውን ፊት በደንብ እዩት። ሊዱ በሙሉ ብረቱ ላይ ቀርቶ ሴራሚኩ ንጹህ ከሆነ መጀመሪያውኑም አልያዘውም። ብዙ ሰው ብረቱን ብቻ ሊድ ቀብቶ ሴራሚኩ ላይ ይጫነዋል፣ ይሄ ሊድ ግን በራሱ ክፍተት ውስጥ ሰርጎ አይገባም። ሁለቱንም በአሴቶን አጽዱና ለየብቻ በአልትራሳውንድ ሊድ ቀቧቸው፣ ላዩ ላይ የጋረደውን ግራጫ ቆዳ ጥረጉት፣ ከዛ ሁለቱም ላይ ያለው ሊድ እንደቀለጠ ገጥማችሁ ትንሽ ወዲያ ወዲህ አሹዋቸው፣ የቀረው ቆዳ በዛ ይሰበራል። ፍላክስ (ለተራ ሊድ የሚጨመር ማጽጃ) ደግሞ በፍጹም አትጨምሩ፣ አያስፈልግም፣ ቅሪቱም መሃል ይታፈንና መገጣጠሚያውን ያበላሸዋል።

ሲቀዘቅዝ ሴራሚኩ ከተሰነጠቀ

መዳብ በሙቀት ሲለጠጥና ሲኮማተር ከአሉሚና ከእጥፍ በላይ ነው፣ አሉሚኒየም ደግሞ ከ3 እጥፍ በላይ፣ ስለዚህ ሲቀዘቅዝ ሴራሚኩን ይጎትተዋል። ሆት ፕሌቱን አጥፍታችሁ እላዩ ላይ እንዳለ ይቀዝቀዝ፣ የሊዱንም ውፍረት ጨምሩ፣ ለስላሳ ስለሆነ ጉተቱን ይችለዋል። መገጣጠሚያው ሰፊ ከሆነ ግን እኔ ከመዳብ ይልቅ ኮቫር (የብረት፣ ኒኬልና ኮባልት ቅይጥ) እመርጣለሁ፣ መስፋቱ ከአሉሚና ጋር ይቀራረባል።