ለአረጋውያን ጡንቻ የሚበጅ የፕሮቲን አመጋገብ

በሱሉልታም ሆነ በሰበታ አረጋውያን ወላጆቹን የሚጦር ሰው፣ ዕድሜ ሲገፋ ጡንቻ ለፕሮቲን የሚሰጠው ምላሽ ስለሚዳከም፣ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደታቸው ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን እንዲያገኙ ማዕዳቸውን ማስተካከል ይኖርበታል። ኩላሊታቸውን የሚያማቸው ግን አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ።

የጡንቻን ግንባታ በይበልጥ የሚቀሰቅሰው ሉሲን የተባለው አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን ከሚገነባባቸው ንጥረ ነገሮች አንዱ) ሲሆን፣ በወተት፣ በእንቁላልና በሥጋ በብዛት ይገኛል። ስለዚህ ቁርስን በሻይና በዳቦ ብቻ ማለፍ፣ በእኔ እምነት፣ ከሁሉ አስቀድሞ ሊታረም የሚገባው ልማድ ነው፤ ሁለት የተቀቀለ እንቁላልና አንድ ብርጭቆ የፈላ ወተት ወደ 20 ግራም ፕሮቲን ይሰጣሉ። በጾም ወቅት ሽሮው ወይም ምስር ወጡ ወፈር ብሎና በዛ ብሎ ይቅረብ፤ በጤፍ ውስጥ የሚያንሰውን ላይሲን የተባለ ሌላ አሚኖ አሲድ ጥራጥሬው ያሟላዋልና። ጡንቻው እንዲጠነክር፣ አቅም በፈቀደ መጠን እጅን ሳይደገፉ ከወንበር ደጋግሞ መነሣትና መቀመጥ ከምግቡ ጋር አብሮ ይለመድ።